እትዬ በላይነሽና በጭስ የጠፋችው ሴት

የእትዬ በላይነሽን ለቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ ስቆ ነው የወጣው። እኔ ስልክ ተደውሎ "እትዬ አረፉ" ሲሉኝ ጥቁር ሻሼን አስሬ ከጅማ ተነሳሁ፤ ሚዛን ተፈሪ እስክደርስ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ የድሮ የሥራ ባልደረቦቼ አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ ተደፍተው እንባቸው ይወርዳል። አቅፌያቸው አብሬ ላለቅስ ስል ነው የሚያነቡት በሳቅ መሆኑን ያየሁት። ከእድሩ ሰዎች አንዱ "ኧረ እናንተ ሴቶች፣ ሰው ምን ይላል!" ብለው ቢቆጡ፣ አንዷ አፏን በሻርፕዋ ሸፍና "የጭሷን ሴት ነገር አንስተን ነው" አለቻቸው። ሰውየው ነገሩን ያውቁት ኖሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እሳቸውም ይስቁ ነበር።

ነገሩን የማያውቅ ሰው መታዘቡ አይቀርምና ከመነሻው ልናገር።

እትዬ በላይነሽ የሸካዋ ጌጫ ሰው ናቸው። እኔ ሳውቃቸው ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የለቃሚዎች አለቃ ነበሩ። ታጥቦ የመጣው እርጥብ ቡና ረጃጅም የእንጨትና የሽቦ አልጋ ላይ ይሰጣል። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ቆመው እያገላበጡ የተሰነጠቀውን፣ የጠቆረውን፣ ተባይ የበሳውን ይለቅማሉ። እኔ በጥራት ባለሙያነት ተቀጥሬ ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ነበር የሄድኩት። የመጀመሪያ ቀን፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ፣ አንድ እፍኝ ቡና መዳፌ ላይ አፈሰሱና "ስንት የተበላሸ አለው?" አሉኝ። አገላብጬ፣ ወደ ብርሃን አስጠግቼ፣ "ሦስት" አልኩ።

"አምስት ነው" አሉ፣ ሌላ አልጋ እያዩ። "ሁለቱን በአውራ ጣትሽ ሸፍነሻቸዋል። እንኳን ደህና መጣሽ፣ የጅማዋ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "የጅማዋ" ሆኖ ቀረ።

ሲያስተምሩ ቃል አያበዙም። "አትፈልጊ" ይላሉ። "የሚፈልግ ዓይን ይደክማል። ዝም ብለሽ እዪ፤ የተበላሸው ራሱ ይጠራሻል።" እጃቸው ሁልጊዜ ቡና ስለነካ ዓይናቸውን የሚጠርጉት በክንዳቸው ነው። ሲስቁ ደግሞ ሳቁ መጀመሪያ ትከሻቸውን ይይዛል፣ ቀጥሎ ሆዳቸውን፤ ድምፁ የሚመጣው ሌላው ሰው ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነው። በዝናብ ቀልድ አያውቁም ነበር። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ አስፈቅዶ አይመጣም። "ዝናብ!" ብለው ከጮኹ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ሸራ ይጎትታል። ሴቶቹ በሐሜት "እትዬ ዘንድ ምጥ የያዛት እንኳ ሸራ ሳትጎትት አትወልድም" ይሉ ነበር። እሳቸውም ሰምተዋል፤ አላስተባበሉም።

ቡናው ከተሸፈነ በኋላ ዝናቡ እስኪያባራ ሥራ የለም። ሁላችን መጋዘን ገብተን ጆንያ ላይ እንቀመጣለን። ፊልም የጀመርነው ይህን ሰዓት ለመግደል ነው። የጣቢያው ባለቤት ለሥልጠና የገዛው ፕሮጀክተር ነበር፤ አስፈቅጄ አወጣሁት። ሦስት ነጭ ማዳበሪያ ቀደን፣ ሰፍተን፣ ግድግዳው ላይ ወጠርን። መጀመሪያ ያሳየኋቸው በአማርኛ የተተረጎመ ተከታታይ ድራማ ነው። አልሆነም። ፊት የተቀመጡት አማርኛውን ሰምተው ለቤንች ልጆች በቤንችኛ ያስረዳሉ፣ ከነሱ አንዷ ለሸኮዎቹ ታቀብላለች፣ ካፊኛ የሚናገሩት ደግሞ ከጎን ሆነው ያርማሉ። ወሬው የኋላው ጆንያ ጋ እስኪደርስ ተዋናይዋ አግብታ፣ ወልዳ፣ ተፋታለች። ኋላ ያሉት የሠርጉን እልልታ ሲያቀልጡት ፊት ያሉት በፍቺው ያለቅሳሉ።

አንድ ቀን የወንድሜን ፍላሽ ሰካሁ። ወንድሜ አሮጌ ነገር ይወዳል፤ ፍላሹ ውስጥ ሲኒማ ገና ሲፈጠር የተሠሩ አጫጭር ፊልሞች ሞልተውበታል። ድምፅ የላቸውም፣ ቀለም የላቸውም፣ አንዱ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። በአንዱ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛው እየተንቀሳቀሰ ሲያስቸግረው ራሱን ከአንገቱ ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና ተመቻችቶ ይላጨዋል፤ ሲመልሰው ግን ፊቱን ወደ ጀርባ አዙሮ ይሰካዋል። ሰውየው ኮቱን አስተካክሎ፣ አመስግኖ፣ የኋሊት እየሄደ ከበር ይጋጫል።

መጋዘኑ ተናወጠ። የሚያስተረጉም የለ፣ የሚተረጉም የለ፤ አራት ቋንቋ በአንድ አፍ ሳቀ። እኔም ከነሱ ጋር ስስቅ ቆይቼ ወደ እትዬ በላይነሽ ዞር ብል አልሳቁም። ግንባራቸውን ቋጥረው ግድግዳውን ያያሉ።

"መልሺው" አሉ።

"የቱን?"

"ራሱ ከመነቀሉ በፊት ያለውን።"

መለስኩት። አሁንም "መልሺው" አሉ። በሦስተኛው ተነስተው በጣታቸው ማዳበሪያውን ነኩ። "እዚህ ጋ ነው። መጋረጃው ሦስት እጥፋት ነበረው፣ አሁን አራት ሆነ። ሁሉም ባሉበት እንዲቆሙ አድርጎ፣ ሄዶ አሻንጉሊቱን አምጥቶ፣ ከዚያ ነው የቀጠለው።"

እኔ አላውቅም ነበር። ማታ ወንድሜን ስጠይቀው ልክ እንደዚያ እንደሚሠራ ነገረኝ፤ ማሽኑን ያቆሙታል፣ ተዋናዩ እንደ ደረቀ ይቆማል፣ የሚለወጠውን ለውጠው ይቀጥላሉ። እትዬ በላይነሽ ከእፍኝ ቡና አምስት መጥፎ እንደሚለዩት፣ ዓለምን ሲያታልል የኖረውን ስፌት በሦስት እይታ አገኙት።

በማግሥቱ አዝኜ "ምሥጢሩን ስላወቁት ከእንግዲህ አያስቅዎትም ማለት ነው?" አልኳቸው።

"ምን ሲባል!" አሉ። "ደስታው አሁን አይደል እንዴ የመጣው! አስቢው፤ ሱፍ የለበሰ፣ ጢሙን ያሳደገ ትልቅ ሰውዬ፣ እኔን ለማሳቅ ብሎ መጋረጃ ሰፍቶ፣ አሻንጉሊት ጠርቦ፣ ትንፋሹን ይዞ ቆመ። የገዛ ባሌ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ያህል አልለፋልኝም።" ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

እንዲህ ሆኖ ጨዋታ ተፈጠረ። ፊልሙ ይከፈታል፣ ሰው ዝይ ይሆናል፣ ወንበር ይሮጣል፣ ወፍራሙ ሰውዬ ባርኔጣ ውስጥ ይገባል፤ ስፌቱን ቀድማ ያየች "እዚህ ጋ!" ብላ ትጮሃለች። ዝናብ ሲዘገይ ሰማይ የሚያዩት ሴቶች በዙ። ባለቤቱ "የቡና ሠራተኛ ዝናብ ሲናፍቅ የሰማሁት እዚህ ነው" ይል ነበር።

በጨዋታው እትዬን የምትስተካከላቸው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ብርቄ። ቤንች ናት፣ ባለትዳር፣ ሥራ ከገባች ሁለት ዓመቷ። ድምፅዋ አይሰማም፣ ዓይኗ ግን እሳት ነው። እትዬ በላይነሽ ሁልጊዜ ከጎናቸው ያቆሟታል። የሚያውቁትን ሁሉ፣ ቡናው በጣት ሲነካ እንዴት እንደሚናገር ሳይቀር፣ ለእሷ ነበር የሚያስተላልፉት።

አንድ ከሰዓት አዲስ ፊልም ከፈትኩ። አስማተኛው አንዲት ቆንጆ ሴት ሳጥን ውስጥ ያስገባል፣ ክዳኑን ይዘጋል፣ ጭስ ቡልቅ ይላል፣ ሲከፍተው ሳጥኑ ባዶ ነው። እጅ ይነሳል፤ በዚያው ተቆረጠ። ወንድሜ ሲገለብጠው ጎድሎ የቀረ ፊልም ነው። እኛ ስናጨበጭብ ዝናቡ አባራ፣ ሁሉም ሸራ ሊገልጥ ወጣ፣ ነገሩን ማንም ልብ አላለውም።

በማግሥቱ ብርቄ አልመጣችም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣችም። ጎረቤቷ ወሬውን አመጣችልን። ብርቄ ማታ እራት ላይ ያየችውን ለቤተሰቡ ታጫውታለች፤ ሴትዮዋ እንዴት ሳጥን ውስጥ እንደገባች፣ ጭሱ እንዴት እንደቦለቀ። አማቷ አቶ ጴጥሮስ ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

"ተመለሰች?"

ብርቄ መዋሸት አታውቅም። "አልተመለሰችም" አለች።

"እንግዲያው አንቺም አትመለሺም። ሴት የሚጠፋበት ቤት የእኔ ልጅ ሚስት አትሠራም።"

እሑድ እትዬ በላይነሽና እኔ ልናስረዳ ሄድን። አቶ ጴጥሮስ ቀፎ ሰቃይ ናቸው፤ ጫካ ውስጥ ረጃጅም ዛፍ ላይ የሚሰቅሉት ቀፎ በአካባቢው የታወቀ ነው። ቀጥ ያሉ፣ ቁጥብ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው ውስጥ "አንቱ" የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም አንተና አንቺ ነው። እትዬም በዚያው ይመልሱላቸዋል።

"ሴትዮዋ የታለች?" አሉ አቶ ጴጥሮስ፣ ገና እንደተቀመጥን።

"አልጠፋችም፤ ጨዋታ ነው" አሉ እትዬ።

"እሺ። አምጫት።"

ይህን ጊዜ እኔ፣ የተማርኩት፣ ገባሁበት። "አባባ፣ ፊልሙ እኮ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሴትዮዋ በሕይወት የለችም።"

እትዬ በላይነሽ ጎኔን በክርናቸው ደቆሱኝ። አቶ ጴጥሮስ ክርክሩን እንደረታ ሰው ወደ ኋላ ተደገፉ። "ይኸው! ገድለዋታል።"

ብርቄ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ነበር። አንገቷን ደፋች። እትዬ አይተዋት ድምፃቸውን ቀየሩ። "አቶ ጴጥሮስ፣ ባዶ ቀፎ ታጥናለህ፣ ዛፍ ላይ ትሰቅላለህ፣ ንቡ ከየትም ይመጣል። የማያውቅ ሰው ከሥር ቆሞ ቢያይህ ምን ይልሃል? አስማተኛ ነው አይልህም?"

"እሱ ሥራ ነው።"

"ይሄም ሥራ ነው። ናና እይ። እኔ ራሴ በቀን፣ በፀሐይ፣ ፊትህ እጠፋለሁ። እግሬንም ስሄድበት ታየዋለህ።"

ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። "በዓይኔ አይቼ ከገባኝ፣ እሺ። ካልገባኝ ልጅቷ ቤቷ ትቀመጣለች። ሌላ ሽምግልና እንዳትልኪብኝ።"

ስንመለስ እትዬ በላይነሽ እንደ ወትሮው አልተጫወቱም። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ቆሙ። "የጅማዋ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ከአምና ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጉም ይጋርደኛል። ቡናው ላይ የማየው ግማሹን በልማድ ነው። ብርቄ ካልመጣች ይህ ዓይን ከእኔ ጋር መቀበሩ ነው።" ያኔ ነበር ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅኩት። ክንዳቸውን ያዝኩ።

በቀጠሮው ቀን ስልኬን አልጋዎቹ ፊት ለፊት ካለው ምሰሶ ጋር በሲባጎ አሰርኩት። ቀረጻውን አቁሞ ከዚያው የሚያስቀጥል ስልክ ነው። ሃያ ሴቶች አንዱን አልጋ ከበቡ፤ ሃያኛዋ እትዬ በላይነሽ ናቸው፣ መሃል ላይ። አቶ ጴጥሮስ ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቆሙ። ብርቄ የመጣችው ከእሳቸው ጋር ነው፤ ከኋላቸው እንደ እንግዳ ቆማለች። የቆመችበት ቦታ ከአልጋው አሥር እርምጃ አይሞላም፣ እሷን ግን አልተሻገረችም።

"ቁሙ!" አልኩና ቀረጻውን አቆምኩ። ሃያ ሴቶች ደረቁ። አንዷ አፍንጫዋን ልታክ ነበር፣ ጣቷ አየር ላይ ቀረ። እትዬ በላይነሽ "አቶ ጴጥሮስ፣ እግሬን ልብ በል" ብለው አንድ እርምጃ እንደወጡ ጠብ አለ።

"ዝናብ" ያለ ሰው የለም፤ አላስፈለገም። ሃያውም በአንድ ጊዜ ተበተኑ። እትዬ ራሳቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ታችኞቹ አልጋዎች በረሩ። ከኋላዬ አንድ ነገር ሽው ሲል ብርቄ ናት፤ ሥራ እንደሌላት፣ አማቷ እንደሚያዩአት፣ ሁሉን ረስታ ሸራ ትጎትታለች። ፊታችን ያለው አልጋ ተሸፈነ፣ ግን አንዱ የሸራ ጫፍ በነፋስ ተነስቶ ይርገበገባል። እኔ ስልኬን ከዝናብ ለመከለል ሻሼን ፈትቼ ከላይ ዘረጋሁ። አቶ ጴጥሮስ የሸራውን ጫፍ አዩ፣ እኔን አዩ፣ ዱላቸውን ወረወሩና ሮጡ።

ሁላችን በስብሰን መጋዘን ገባን። እትዬ በላይነሽ ቀሚሳቸውን ይጨምቃሉ። አቶ ጴጥሮስ ፊታቸውን ጠርገው "እሺ፣ ጨዋታው የታለ?" አሉ። "ተበላሸ አባባ" አልኩ፣ እንባዬ እየመጣ።

ብርቄ ናት የተናገረችው። "የሆነውን እስቲ እንየው።"

ግድግዳው ላይ ለቀቅኩት። ሃያ ሴቶች ቡናውን ያገላብጣሉ፣ እትዬ በላይነሽ መሃል ላይ ናቸው። በአንድ የዓይን ጥቅሻ ሴቶቹ የሉም፤ ቡናውም የለም። ጥቁር ሸራ፣ ዝናብ፣ እና እትዬ በነበሩበት ቦታ ላይ፣ የሸራ ጫፍ ጨብጠው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ አቶ ጴጥሮስ። ለካስ ሻሼን ስዘረጋ ጣቴ ቀረጻውን አስቀጥሎታል።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሱ።

"እኔ... ሴቶቹን ምን አደረግኋቸው?"

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ ይቸግረኛል። ጆንያ ላይ የወደቀች አለች፣ ግድግዳ የደበደበች አለች። እትዬ በላይነሽ ትከሻቸው፣ ሆዳቸው፣ በመጨረሻም ድምፃቸው መጣ፤ "በላኸን እኮ! ሃያ ሴት ዋጥክ!" እያሉ እንባቸውን በክንዳቸው ይጠርጋሉ። አቶ ጴጥሮስ ጣታቸውን ቀስረው መጋዘኑ ውስጥ የበሰበሱትን ሴቶች አንድ በአንድ አዩ። ሁሉም አሉ። መጀመሪያ ጢማቸው ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ያን የመሰለ ቁጥብ ሰው በሳቅ መቆም አቅቷቸው ምሰሶ ያዙ።

"መልሺው" አሉኝ። ሰባት ጊዜ መለስኩት። በሰባተኛው ዘለው ተነሱ፤ "እዚህ ጋ! እዚህ ጋ ነው ያቆምሽው!"

"ገባህ?" አሉ እትዬ፣ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው።

"ገባኝ።" አቶ ጴጥሮስ ግን መልሰው ኮስተር አሉ። "ነገር ግን አልጨረሳችሁም። የጠፋ ሰው መመለስ አለበት። ጥፋቱ ያ ነበር እኮ፤ ሴትዮዋን አልመለሳችኋትም።"

ልክ ነበሩ። እኔም እትዬም ይህን ያህል ቀን ስንከራከር ያላየነውን እሳቸው ገና ከመጀመሪያው ቃል አይተውት ኖሯል።

ዝናቡ እንዳባራ ወጣን። ስልኩን መልሼ አሰርኩት። አቶ ጴጥሮስ ሸራው አጠገብ የቅድም ቦታቸውን ያዙና ራሳቸው "አቁሚ!" ብለው አዘዙኝ። አቆምኩ። ሸራው ተገለጠ፣ እሳቸው ወጥተው ከኋላዬ ቆሙ፣ ሴቶቹ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ልቀጥል ስል "ቆይ" አሉ። ብርቄ ምሰሶው አጠገብ እጆቿን አጣጥፋ ቆማ ነበር።

"አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ?" አሏት። "ግቢ እንጂ።"

እትዬ በላይነሽ ከመሃል ወደ ጫፍ ጠጋ ብለው ቦታቸውን ለቀቁላት። ብርቄ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ገባች።

ወንድሜ ሁለቱን ቀረጻ አንድ ላይ አድርጎ ሰጠኝ፤ ሙሉው አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሃያ ሴቶች ይጠፋሉ። አንድ ሽማግሌ ዝናብ ውስጥ ይቀራሉ። ከዚያ ሽማግሌው ይጠፉና ሴቶቹ ሃያ አንድ ሆነው ይመለሳሉ፤ ብርቄ መሃል ላይ፣ ሁለት እጇን ቡናው ውስጥ ከትታ።